ፎርኬ ተብሎ የተሸጠ የሠርግ ቪዲዮ ጭፈራው ላይ በካሬ የሚቆራረጠው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «በጥር ልጄን ዳርኩ። ቀረፃውን የሠራልን ፒያሳ አካባቢ ያለ ቪዲዮ ቤት ነው፤ የተዋዋልነውም በፎርኬ ካሜራ እንደሚቀርፅ ነግሮን ነው። ከሁለት ወር በኋላ ሥራውን በ32 ጊጋ ፍላሽ አስረከበን። ቤት ውስጥ በ55 ኢንች ቴሌቪዥን ስንከፍተው ሙሽሮቹ ቆመው የሚታዩበት ጥሩ ነው። አዳራሽ ገብተው ጭፈራው ሲደምቅ ግን የሰዉ ፊት በካሬ በካሬ ይቆራረጣል፣ የልጄ ቀሚስ ጥለት ይደበዝዛል፣ ከኋላ ያለው ጨለማ ግድግዳ እንደ ጭቃ ይንቀሳቀሳል። መብራቱም ይርገበገባል። ፋይሉ አንድ ብቻ ነው፤ ርዝመቱ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ፣ ክብደቱ 3.8 ጊጋ፣ ስፋቱ 3840 በ2160 ይላል። ወንድ ልጄ በኮንቨርተር ወደ 12 ጊጋ አሳደገው፤ ምንም ለውጥ የለውም። አሜሪካ ላሉት ዘመዶቻችን ቆራርጠን በቴሌግራም ስንልከው ደግሞ ጭራሽ ባሰበት። ተታለልን ወይስ ቴሌቪዥኑ ነው? — ከአራት ኪሎ»

ቴሌቪዥኑ አይደለም። መታለል የሚለውን ደግሞ ለጊዜው ያቆዩት፤ ካሜራው በእርግጥ በፎርኬ ቀርፆ ሊሆን ይችላል። ችግሩ እርስዎ ራስዎ በጻፏቸው ሁለት ቁጥሮች ላይ ይታያል፦ 3.8 ጊጋ እና 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ። 3.8 ጊጋባይት ወደ ቢት ሲመነዘር 30,400 ሜጋቢት ነው። 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ደግሞ 8,400 ሰከንድ። ሲያካፍሉት ለአንድ ሰከንድ ቪዲዮ የደረሰው 3.6 ሜጋቢት ገደማ ብቻ ነው። በእኛ ሙያ ይህ ቁጥር ቢትሬት ይባላል፤ የተጨመቀ ቪዲዮ ጥራት ሲነሳ መጀመሪያ የምናየው እሱን ነው።

«ፎርኬ» የሚለው ቃል የሚነግርዎት ሥዕሉ ስንት ነጥብ እንዳለው ብቻ ነው። 3840 በ2160 ሲባል ወደ 8.3 ሚሊዮን ነጥብ ነው፤ ፉል ኤችዲ የሚባለው 1920 በ1080 ግን ወደ 2.07 ሚሊዮን፣ ማለትም ሩቡ። በሠርግ ቋንቋ ልንገርዎት፦ ለሃምሳ ሰው የተጋገረ እንጀራ ይዞ ሁለት መቶ ሰው እንደመጥራት ነው። አዳራሹ ሰፍቷል፣ ወንበሩ በዝቷል፣ ሌማቱ ላይ ያለው ግን ያው ነው። ያልተጨመቀ የፎርኬ ቪዲዮ በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ሥዕል) ሲቆጠር፣ ቀለሙ እንደተለመደው ከሳስቶ እንኳ፣ በሰከንድ 2,488 ሜጋቢት ይፈልጋል። የእርስዎ ፋይል ከዚያ ውስጥ ያስቀረው ከ690 እጅ አንዱን ነው። ለማነፃፀር ያህል፣ ዩቲዩብ ቪዲዮ ለሚጭኑለት ሰዎች የሚመክረው በመደበኛው የፍሬም ብዛት ለፎርኬ ከ35 እስከ 45 ሜጋቢት፣ ለፉል ኤችዲ 8 ሜጋቢት ነው። የእርስዎ 3.6 ለፉል ኤችዲ ከተመከረው ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ተለጥጦ የተዘረጋው ግን በፎርኬ ላይ ነው።

ኤዲተሩ ለምን እንዲህ አደረገ? 3.8 ጊጋ የምትለው ቁጥር ራሷ ትናገራለች። ፋት32 በሚባለው አደራደር ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ብዙ የቆዩ ቴሌቪዥኖች ደግሞ ከዚያ ሌላ አደራደር አያነቡም። ስለዚህ «ደንበኛው ቤት ሄዶ አልከፍት አለኝ እንዳይል» ተብሎ ሙሉው ሠርግ ከ4 ጊጋ በታች እንዲወርድ ተደርጎ ይወጣል፤ «ፎርኬ ብለን ነበር» ተብሎም ስፋቱ ሳይቀነስ ይቀራል። በ32 ጊጋው ፍላሽ ላይ የተረፈው 28 ጊጋ ባዶውን ነው ወደ ቤትዎ የመጣው። ይህን ዓይነት ፋይል አዘውትሬ አያለሁ፤ ክፋት ሆኖ ያገኘሁት ጥቂቱን ጊዜ ነው።

አሁን ለምን ቆመው ሲታዩ አምሮ ጭፈራው ላይ እንደሚበላሽ። ኢንኮደሩ፣ ማለትም ቪዲዮውን የሚጨምቀው ፕሮግራም፣ 25ቱንም ፍሬም ሙሉ ሥዕል አድርጎ አይጽፍም። አንዱን ሙሉውን ይጽፍና ለተከታዮቹ «ይህ ካሬ ትንሽ ወደ ቀኝ ሄዷል፣ ያኛው እንዳለ ነው» እያለ ልዩነቱን ብቻ ይመዘግባል። ሙሽሮቹ ኬኩ ፊት ሲቆሙ ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ 3.6 ሜጋቢትም ይበቃዋል። እስክስታ ሲጀመር ግን ትከሻው ይርገፈገፋል፣ ነጠላው ይታጠፋል ይዘረጋል፣ ጥላው ይከተለዋል፣ ከኋላ ሃያ ሰው ያጨበጭባል። ይህ «ወደ ቀኝ ሄዷል» በሚል አይመዘገብም፤ እንደ አዲስ መሳል አለበት፤ ለመሳያ የሚሆን ቢት ግን የለም።

ያኔ ኢንኮደሩ ማጠጋጋት ይጀምራል። ሥዕሉ ቀድሞውኑ በካሬ የተከፋፈለ ነው፤ በጣም በተለመደው ኮዴክ (የመጨመቂያ ዘዴ) በኤች.264 ዋናው ካሬ 16 በ16 ነጥብ ሲሆን፣ ሒሳቡ የሚሠራው ከዚያም ባነሱ 8 በ8 ወይም 4 በ4 ቁርጥራጮች ላይ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ከሻካራ ቅርፅ እስከ ደቃቅ ዝርዝር ባሉ ንድፎች ድምር ይገለጻል። የዚህን ሒሳብ መሠረት ናሲር አሕመድ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተሙት ሲሆን፣ የጄፔግ ፎቶም፣ የዲቪዲም፣ የእርስዎ ፍላሽም ሥር እሱ ነው። ማጠጋጋቱ ሳንቲም ትቶ ብር ብቻ እንደሚቆጥር ባለሱቅ ነው፤ ሲመቸው ከሳንቲም በቀር የሚጠፋ የለም፣ ሲቸግረው ግን ከመቶ ብር በታች ያለውን ሁሉ ዜሮ ይላል። ደቃቁ ዝርዝር፣ ማለትም ሽፋሽፍት፣ የፀጉር ሹሩባ፣ የጥልፍ ክር፣ ቀድሞ የሚሄደው ያኔ ነው። እያንዳንዱ ካሬ ደግሞ ለብቻው ስለሚጠጋጋ ከጎረቤቱ ጋር ድንበሩ አይገጥምም። እርስዎ «በካሬ ይቆራረጣል» ያሉት ይህንን ድንበር ነው። ኮዴኩ ድንበሩን የሚያለሰልስ ማጣሪያ አለው፤ እሱ ሲጨመርበት ደግሞ ፊቱ የቀለጠ ሰም ይመስላል።

የጥለቱ ነገር ለብቻው መልስ ይፈልጋል። ዓይናችን ብርሃንን በጥራት፣ ቀለምን ግን በሻካራው ስለሚያይ፣ የተለመዱት የቪዲዮ ፎርማቶች ብርሃንን ለእያንዳንዱ ነጥብ ሲመዘግቡ ቀለምን ለአራት ነጥብ አንድ ጊዜ ብቻ ይመዘግባሉ። ለሱፍና ለከረባት ይህ አይታወቅም። በነጭ ጥጥ ላይ በቀጭን ቀይና አረንጓዴ ክር የተሠራ ጥለት ግን ሁለመናው ቀለምና ጠርዝ ነው፤ ቀዩ ወደ ነጩ ይፈሳል፣ ክሩ ከክሩ ይጋባል። ላይ ማጠጋጋት ሲጨመርበት ጥለቱ አንድ ወጥ ዳንቴል መስሎ ይቀራል። (ይህን ስርዓት ያወጡት ሰዎች የሐበሻ ቀሚስ ፊታቸው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ሁለቴ ያስቡ ነበር እላለሁ፤ ቀልድ ነው፣ ግማሹ።)

ግድግዳው እንደ ጭቃ ስለሚንቀሳቀስበት ጉዳይ ትንሽ ልቆይ፤ በከተማችን የሠርግ ቪዲዮዎች ላይ ከማያቸው በሽታዎች የከፋው እሱ ነውና። አዳራሹ በሐምራዊና በሰማያዊ መብራት ይደበዝዛል፣ የጭስ ማሽን ይከፈታል፣ ካሜራማኑም ሥዕሉ እንዳይጨልምበት አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ወደ 6400 እና ከዚያ በላይ ያወጣዋል። ያኔ በጨለማው ላይ እንደ አሸዋ የሚርመሰመስ ኖይዝ ይመጣል። ለእኛ አሸዋው ምንም ማለት አይደለም። ለኢንኮደሩ ግን እያንዳንዷ ቅንጣት በየፍሬሙ ቦታዋን የምትቀይር አዲስ ወሬ ናት፤ ከበፊቱ ፍሬም ተነስቶ ሊገምታት አይችልም። ስለዚህ ለሙሽራዋ ፊት መዋል የነበረበት ቢት ባዶ ግድግዳ ላይ ያለ ቆሻሻ ለመመዝገብ ይውላል። ሲያልቅበት ደግሞ የግድግዳውን ቁራጭ ባለበት አድርቆ ይተወዋል፤ ቀጣዩ ሙሉ ፍሬም ሲመጣ ግድግዳው ተንፈስ ብሎ ይዘላል፣ ደግሞ ይደርቃል። ጨለማው በደረጃ በደረጃ የተከፋፈለ የሚመስለው ደግሞ ባለ 8 ቢት ቪዲዮ ከጥቁር እስከ ነጭ 256 እርከን ብቻ ስላለው፣ ከዚያም ውስጥ ለጨለማው የሚደርሰው ጥቂት ስለሆነ ነው። ከመጨመቁ በፊት ኤዲተሩ ኖይዙን ቀለል አድርጎ ቢያጠራው በዚያው ቢትሬት የሰዉ ፊት ይሻሻላል፤ ቀለል አድርጎ ማለቴን ልብ ይበሉልኝ፣ ከበዛ ሰዉ ሁሉ ፕላስቲክ ይሆናል።

የመብራቱ መርገብገብ ከመጨመቅ ጋር ዝምድና የለውም። የኤሌክትሪካችን ድግግሞሽ 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ መብራቶች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። ካሜራው በ25 ፍሬምና በ1/50 ሰከንድ ሻተር (ለአንድ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) ቢቀርፅ ይጣጣሙ ነበር፤ በ30 ፍሬምና በ1/60 ከተቀረፀ ሥዕሉ ይወዛወዛል። ይህ ከቀረፃው የመጣ ነው፤ እንደገና ቢያወጡትም አብሮ ይመጣል። ኤዲተሩ የሚያቃልልበት ማጣሪያ ሊኖረው ይችላል፣ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል ብለው ግን አይጠብቁ።

ልጅዎ በኮንቨርተር ያደረገው ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ የሚባለው ዓይነት ነው። 12 ጊጋ ሲሆን ቢትሬቱ ወደ 11.4 ሜጋቢት ወጣ፤ የተጨመረው ቢት ግን የጠፋውን ፊት አልመለሰም፣ ካሬዎቹን በታማኝነት ገለበጣቸው እንጂ። የተጠጋጋው ሳንቲም ስንት እንደነበር ፋይሉ ውስጥ የትም አልተጻፈም። እንዲያውም በእያንዳንዱ ድጋሚ ጭመቃ ትንሽ ይብሳል። አራት ኪሎ ስለሆኑ የካምፓሱን ዙሪያ ያውቁታል፦ የፎቶኮፒ ፎቶኮፒ የሆነ ሃንዳውት በሦስተኛው ዙር ምን እንደሚመስል። ባለ 12 ጊጋውን ያጥፉት፤ ከዚያ በፊት ግን ባለ 3.8 ጊጋው ሳይነካ መኖሩን ያረጋግጡ።

«በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ እናጠራልዎታለን» የሚሉም አሉ። ሶፍትዌሮቹ ይሠራሉ፤ የሚሠሩት ግን ፈጠራ ነው። ካሬ የሆነውን ፊት አይተው ከሌሎች ብዙ ሰዎች ፊት በተማሩት መሠረት የሚመስል ቆዳ፣ የሚመስል ዓይን ይስሉበታል። ለማስታወቂያ ይሁን፤ በሠርጉ ላይ የነበሩ የእናትዎን ፊት ግን የማያውቃቸው ማሽን በግምት እንዲስልልዎት አልመክርም። የቤተሰብ ቪዲዮ ማስረጃም ነው።

ቴሌግራም ላይ የባሰበት ቪዲዮ ተደርጎ ስለተላከ ነው። እንደ ቪዲዮ ሲልኩት መተግበሪያው ራሱ እንደገና ይጨምቀዋል። እንደ ፋይል ሲልኩት አይነካውም፤ ገደቡ ለአንድ ፋይል 2 ጊጋ፣ ለሚከፍሉ ተጠቃሚዎች 4 ጊጋ ነው። ለአሜሪካዎቹ ግን ቴሌግራምን እርግፍ አድርገው ይተዉት። ከታች የምነግርዎትን አዲሱን ትልቅ ፋይል ዩቲዩብ ላይ ሊንኩ ያለው ሰው ብቻ እንዲያየው አድርገው ይጫኑት። ዩቲዩብም ይጨምቀዋል፤ ስለዚህ የሚሰጡት በተቻለ መጠን ያልተጎዳው መሆን አለበት። ኢንተርኔትዎ ወደ ላይ በሰከንድ 10 ሜጋቢት ከሰጠዎት 16 ጊጋ ገደማ የሆነ ፋይል ሦስት ሰዓት ተኩል ይወስዳል፤ ማታ ይጀምሩትና ይተኙ።

ወደ ዋናው ልምጣ። የእኔ ምክር አንድ ነው፦ ይህንን ፋይል ለማዳን አንድ ብርም አያውጡ፤ ቪዲዮ ቤቱ ሄደው ከፕሮጀክቱ (ኤዲት ከተደረገበት ፋይል) እንደገና ሬንደር እንዲያደርጉልዎ፣ ማለትም ፊልሙን እንደ አዲስ እንዲያወጡልዎ ይጠይቁ። በዚህ ሳምንት ይሂዱ። የሠርግ ወቅት ሲመጣ ሃርድ ዲስኮች የሚለቀቁት የድሮውን ሥራ በማጥፋት ነው፤ ፕሮጀክቱና ፉቴጁ (ጥሬው ቀረፃ) ከጠፉ ይህ ጽሑፍ ምንም አይጠቅምዎትም።

ሲሄዱ በቁጣ አይጀምሩ፤ የሚፈልጉትን በቁጥር ይንገሯቸው። ፎርኬውን ትተው በ1920 በ1080፣ በ25 ፍሬም (ቀረፃው በ30 ከሆነ በ30)፣ በኤች.264፣ ባለ 8 ቢት፣ በአማካይ 15 ሜጋቢት፣ ኢንኮዲንጉ በሁለት ዙር ይሁን ይበሉ። ድምፁን እንዳለ ይተዉት፣ ከሥዕሉ አንፃር የሚይዘው ቦታ ኢምንት ነው። በፎርኬ የተቀረፀ ነገር ወደ ፉል ኤችዲ ሲወርድ አራቱ ነጥብ አንድ ስለሚሆን ኖይዙም ይቀንሳል፤ ስለዚህ የከፈሉበት ፎርኬ ባክኖ አይቀርም። «ታዲያ ፎርኬ ቴሌቪዥን ገዝቼ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። በ55 ኢንች ላይ የፉል ኤችዲ አንድ ነጥብ 0.63 ሚሊ ሜትር ያህል ናት፤ ጤነኛ ዓይን ከ2.2 ሜትር ገደማ በላይ ሲርቅ ነጥብን ከነጥብ አይለይም። ሶፋዎ ሦስት ሜትር ላይ ከሆነ የሚያዩት ልዩነት የነጥብ ብዛት ሳይሆን የቢት ድህነት ነው። ፎርኬውን የግድ እፈልጋለሁ ካሉ ኤችኢቪሲ በሚባለው አዲስ ኮዴክ ያውጡልዎ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2003 ከወጣው ኤች.264 በግማሽ ገደማ ቢትሬት ተመሳሳይ ጥራት ይሰጣል። ግን ዘመድ ቤት ያለ የቆየ ቴሌቪዥን ላይከፍተው ይችላል።

በ15 ሜጋቢት የእርስዎ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ 15.75 ጊጋ ይሆናል፤ ለዚያው 32 ጊጋ ፍላሽ ከበቂ በላይ ነው። ፍላሹ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል በሚቀበለው በኤክስፋት ፎርማት ይደረግ። ቴሌቪዥንዎ ኤክስፋት አላነብም ካለ በፋት32 ሆኖ ፊልሙ አምስት ቦታ ይከፈል፦ የሙሽራዋ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የፎቶ ፕሮግራም፣ አዳራሽ፣ መልስ። በዚህ ቢትሬት 4 ጊጋ የሚይዘው 35 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ማንኛውም ክፍል ከዚያ እንዳያልፍ፤ አዳራሹ ከረዘመ እሱን ለሁለት ይክፈሉት። ደጋግመው የሚያዩት ጭፈራውን ከሆነ እንዲያውም ተቆርጦ መቀመጡ ይመቻል።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ኦሪጅናል ፉቴጁ ይሁን። ካሜራው በ100 ሜጋቢት ቀርፆ ከሆነ አንድ ሰዓት 45 ጊጋ ነው፤ ሁለት ካሜራ ስምንት ስምንት ሰዓት ቢቀርፁ 720 ጊጋ። አንድ ቴራ ሃርድ ዲስክ ይዘው ይሂዱ። ውል ላይ ካልተጻፈ ሊያስከፍሉዎት ይችላሉ፤ ይክፈሉ። ዛሬ የማይሆን ነገር ከአሥር ዓመት በኋላ በተሻለ መሣሪያ ሊሠራበት የሚችለው ኦሪጅናሉ ካለ ብቻ ነው። ሃርድ ዲስኩንም ፍላሹንም ከታወቀ ሱቅ ይግዙ፤ መጠኑ ላዩ ላይ የተጻፈ፣ ውስጡ ግን ያን ያህል የማይዝ ፍላሽ መንገድ ላይ ሞልቷል፤ ሲሞላ ዝም ብሎ በድሮው ላይ ይጽፋል።

«ሁሉንም አጥፍተነዋል» ካሉዎትስ? ያኔ ያለዎት ባለ 3.8 ጊጋው ነው፤ ሁለት ቦታ ገልብጠው ያስቀምጡት፣ ምንም ኮንቨርተር አያስነኩት። ቴሌቪዥኑ ላይ የሥዕል ሁኔታውን ከ«ቪቪድ» ወደ «ሲኒማ» ወይም «ሙቪ» ይቀይሩ፣ ሻርፕነሱን ወደ ዜሮ ያውርዱት፣ ኖይዝ ሪዳክሽን የሚል ካለ መካከለኛ ላይ ያድርጉት። ሻርፕነስ ጠርዝን ያጎላል፤ የእርስዎ ፋይል ላይ ያለው ጠርዝ ደግሞ በአብዛኛው የካሬዎቹ ድንበር ነው። ጥቂት ደስ ይለዋል እንጂ አይድንም። በጎን ደግሞ በሠርጉ ዕለት በስልክ የቀረፁትን ዘመዶች ይሰብስቡ፤ ከስልካቸው ላይ እንደ ፋይል እንዲልኩልዎ እንጂ ቲክቶክ ላይ ከለጠፉት እንዳያወርዱ። በደንብ ብርሃን አጠገብ ቆሞ በስልክ የተቀረፀ የሁለት ደቂቃ እስክስታ ከዚህ ፋይል ተሽሎ ሊገኝ ይችላል።

አዲሱን ፋይል ሲረከቡ እዚያው ሱቅ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ይሰኩት። ሙሽሮቹ ቆመው ያሉበትን እንዲያሳዩዎት አይፍቀዱ፤ እሱ ሁልጊዜ ያምራል። ኬክ ከተቆረሰ በኋላ ያለውን፣ መብራቱ ደብዝዞ ጭሱ የተለቀቀበትንና ሰዉ ሁሉ የተነሳበትን ደቂቃ ያስከፍቱ፤ በሙሉ ስክሪን፤ ከዚያ በቪኤልሲ (የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም) ላይ የፋይሉን መረጃ ከፍተው ቢትሬቱን ያንብቡ። አሁንም 3 ወይም 4 የሚል ከሆነ ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ ትተው ይቀመጡ፤ ሬንደሩ እስኪያልቅ ፒያሳ ማኪያቶ አይጠፋም።